ያልመለስኩት ነጠላ

ልጆቼን «እውነት ተናገሩ» እያልኩ በአርጩሜ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የተማርኩት በራሴ ጥረት ነው። ወጌሻ ቤት የሚሄደውን ሁሉ ኋላ ቀር እያልኩ እሰድብ ነበር።

ኮኪት ከተማ ሰሊጥ ስናስጭን ከመኪና ወድቄ ወገቤ ተያዘ። ልጄ በባጃጅ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ቤት አድርሳኝ ተመለሰች። በሰሊጥ ዘይት አሽተው አቃኑኝ፤ በራሳቸውም ነጠላ ወገቤን አሰሩልኝ። እሳቸው ዘንድ የዳነ ሰው ማሰሪያውን በእግሩ ሄዶ ይመልሳል።

እዚያው ተኝቼ ሳለ አንድ የቀን ሠራተኛ እጁን ይዞ ገባ። ሽማግሌው ገና ሲያዩት «ይሄ ስብራት ነው፤ እኔ አልነካውም። ሐኪም ቤት ሂድ» አሉት።

ዳንኩ። ነጠላውን ግን ሣጥን ውስጥ ደበቅሁት፤ ለጠየቀኝ ሁሉ «ጎንደር ሐኪም አይቶኝ ነው» አልኩ።

ሠራተኛው ሐኪም ቤት ሳይሄድ ቀርቶ እጁ ሽባ ሆነ። «ወጌሻው አሽተው አበላሹኝ» ብሎ ከሰሳቸው። «አልነካውም» ሲሉት የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩና ሽማግሌው ለመከላከያ ምስክርነት ጠሩኝ።

«በዚያ ቀን እቤታቸው ነበሩ?» አሉ ዳኛው።

ችሎቱ በሚያውቁኝ ሰዎች ተሞልቷል።

«አልነበርኩም» አልኩ።

እስር ተፈረደባቸው። ልጄ ከዚያ ቀን ጀምራ አላናገረችኝም።

በዚያ ሰሞን በስልኬ ስለ አሜሪካ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። የጀርባ አጥንት በእጃቸው የሚያቃኑ ሰዎች ያለ ፈቃድ ሕክምና ሰጣችሁ እየተባሉ ይታሰሩ ነበር አሉ። በየፍርድ ቤቱ ብዙ ዘመን ተሟግተው በሕግ የታወቀ ሙያ አደረጉት። ያዳኗቸው ሰዎችም አብረዋቸው ቆመዋል። እዚህ ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩት። የእኛ ሽማግሌ ያዳኑት ሰው እኔ ነበርኩ።

ነጠላውን ይዤ ሚስታቸው ዘንድ ሄድኩ።

«ወይ ጉድ! እርስዎ እዚህ ቤት አልነበሩምሳ፤ የማንን ነጠላ ይዘው መጡ?» አሉኝ። እጃቸውን አልዘረጉም። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለዳኛው ያሳዩት።»

በይግባኙ፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት፣ መዋሸቴን ተናገርኩ። በሐሰት ምስክርነት ተከስሼ ተቀጣሁ፤ አልበዛብኝም። ሽማግሌው ግን ያለ ጥፋታቸው ወራት ታስረው ነበር፤ ያንን መመለስ አልችልም።

የተፈቱ ዕለት ነጠላውን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ትከሻቸው ላይ ጣሉት።

«ወገብህ እንዴት ነው?» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።