የጃፓኑ መስፍንና የአያቴ ድንጋይ

ትናንት የልጅ ልጄ የጃፓን ፊልም ስታይ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። አንድ ጠጉሩን የተላጨ መስፍን ተንበርክኮ ምሕረት ይለምናል። «አያቴ፣ ይምረው ይሆን?» አለችኝ። የራሴ አያት ትዝ አሉኝ።

በደርግ ጊዜ ዳባት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። የእናቴ አባት ፊታውራሪ አድማሱ መሬታቸው በአዋጅ ሲወረስ፣ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታልና፣ የትናንት ጭሰኞቻቸው ሳይቀሩ ዛቱባቸው። ጠመንጃቸውን ይዘው በዛሪማ በኩል ወደ ቆላው ሸፈቱ። እኔና እናቴ አልፎ አልፎ በሶና ድርቆሽ ይዘን ሊማሊሞን እንወርዳለን። ላይ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ታች ላቡ ዓይን ያጠፋል።

አንድ ቀን፣ የደጋው ገብስ ሊታጨድ ሲል፣ አያቴ ከመፈክር ሌላ የሚያስተምሩሽ ነገር አለ ወይ ብለው አሾፉብኝ። የታሪክ አስተማሪያችን የተረከልንን የጃፓን መስፍን ሕይወት ነገርኳቸው። በልጅነቱ ለባላንጣ ቤት መያዣ ተሰጥቶ አደገ፤ የአባቱን አገር ወረሰ፤ ምሽግ ሠራ፣ ጦር መራ፤ በመጨረሻ ከዚያው ካሳደገው ቤት ጋር ተዋግቶ ተሸነፈ። አያቴ በሶውን መበጥበጥ ትተው ያዳምጡኛል።

«ከተሸነፈ በኋላስ?» አሉ።

«ጠጉሩን ተላጭቶ እጁን ሰጠ። ድል አድራጊውም ማረው፤ ግማሽ አገሩንም መለሰለት።»

«እንግዲያ ደንብ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው» አሉ። «እኔም ደከመኝ፣ ልጄ። ከአባቶቼ ደብር መቀበር ነው የምሻው።»

በእኛ አገር በደለኛ ድንጋይ ባንገቱ ተሸክሞ ከሹም ፊት ይቀርባል፤ ምሕረቱ ከሹሙ አፍ ካልወጣ ድንጋዩ አይወርድም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን አያቴ ጠመንጃቸውን ትተው፣ ድንጋይ ተሸክመው ደባርቅ ካለው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት በር ቆሙ። እኔና እናቴ ከገበያተኛው መሀል ነበርን።

የጽሕፈት ቤቱ ካድሬ ከሩቅ አገር የመጣ ጎረምሳ ነው። «ሽማግሌው ሊፈነክተኝ ነው እንዴ?» አለ። በሩን የሚጠብቁት ወታደሮች ድንጋዩን እንዲጥሉ አዘዟቸው። አያቴ ግን አንገታቸውን ደፍተው የሹሙን ቃል ይጠብቃሉ። ለወታደሮቹ እምቢታ መሰላቸው። በሰደፍ መትተው ጣሏቸውና ጭነው ወደ ጎንደር ወሰዷቸው። ከዚያ ወዲያ ሬሳቸውንም አላገኘንም።

አስተማሪያችን አንድ ነገር ጨምሮ ነበር፤ መሐሪውና ምሕረት ለማኙ በልጅነታቸው በአንድ ግቢ እንደ ወንድማማች አብረው ያደጉ ነበሩ። ያን ጊዜ ቁም ነገር ስላልመሰለችኝ ይህቺን ለአያቴ ሳልነግራቸው ቀረሁ። ብነግራቸውስ እጅ መስጠቱን ይተዉት ነበር? አላውቅም። ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የልጅ ልጄ አሁንም መልሴን ትጠብቃለች።

«መጀመሪያ ማን ፊት እንደተንበረከከ እዪ» አልኳት።