ጠማማው የኔ ነው

ዛሬ ጠዋት አክስቴ ከካርቱም ደውላ፣ ቡሪ ሰፈር ያለው የሽማግሌው ብርጭቆ ሠሪ የአም ኡስማን ምድጃ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ እንደገና መለኮሱን ስትነግረኝ ከአልጋዬ ዘልዬ ወረድኩ።

በዘጠኝ ዓመቴ እሷን ልጠይቅ ሄጄ ሽማግሌው የቀለጠ ብርጭቆ በቧንቧ እየነፉ መጠጫ ሲሠሩ አየሁና፣ ለእናቴ አንድ ልሥራላት ብዬ ለመንኳቸው። ረጅሙን የብረት ቧንቧ ሰጡኝ። ከሰል እንደማቀጣጥል በኃይል እፍ ስል፣ ጫፉ ላይ የቀላው ብርጭቆ ፈነዳ።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ከሰል መሰለሽ እንዴ? የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ አድርገሽ ተንፍሺ» አሉኝ እየሳቁ።

ሁለተኛው ጠመም ቢልም አማረ። ልወስደው ስል ግን ከለከሉኝ።

«እስከ ነገ እዚሁ ሙቀቱ ውስጥ ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ ይሰነጠቃል።»

«የእሷ አውቶቡስ ዛሬ ነው እኮ» አለች አክስቴ።

«እንግዲያው ይጠብቃታል፤ ኢንሻላህ ትመጣለች።»

ተመልሼ ስላልሄድኩ ብርጭቆዬ እስካሁን ይኑር አይኑር አላውቅም። በቡሪ የምታልፉ ካላችሁ ግቡ፤ ጠማማው የኔ ነው፣ የራሳችሁን ነፍታችሁ አጠገቡ አስቀምጡልኝ።