ጭቃ የሚያሰጣው ፈረንጅ

ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ ከአየርላንድ መጥቶ ረግረግ ዳር ካለችው ከቁሐር መንደር የሰፈረው ፈረንጅ ሸክላ ሠሪዋን ስንዱን ግራ አጋብቷታል። የክረምቱ ውኃ በሸሸ ቁጥር ሱሪውን ሰብስቦ ረግረጉ ውስጥ ይገባል፤ ጭቃውን በጠባብ አካፋ እንደ ሙልሙል እየቆረጠ ያወጣና እንደ ኩበት ደርድሮ ያሰጣዋል። ቤት አይሠራበት፣ ማሰሮ አይሠራበት።

«ጌታዬ፣ ይህን ሁሉ ጭቃ ምን ሊያደርጉት ነው?» አለችው አንድ ቀን።

«ላነደው። በአገሬ የረግረግ ጭቃ ሲደርቅ እንደ እንጨት ይነዳል፤ አባቴ ቤት የምንሞቀው እንዲህ ያለ ጭቃ አንድደን ነበር። እሳቱ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም።»

ስንዱ ዕድሜ ልኳን ጭቃ ስታቃጥል ኖራለች። ሸክላ ሲሆን እንጂ እሳት ሲሆን አላየችም። አብዷል እንዳትል፣ እጁን ጭኑ ላይ የሚጠርገው ልክ እንደ እሷ እንደ ሥራ ሰው ነው።

ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ ጭራሮ ጨምሮ ለኮሰው። ጭቃው ቀልቶ ጠነከረ እንጂ አልነደደም። ስንዱ አዝናለት ወደ ማታ አንድ እንቅብ ኩበት ይዛ ብትሄድ፣ ሚስቱ ከቀዘቀዘው የጭቃ ክምር ፊት ተቀምጣ፣ እሳት ያለ ይመስል እጆቿን ዘርግታ ትሞቃለች። ልጆቹም። እሱም።

ስንዱ ኩበቱን ወዲያ አስቀምጣ አጠገባቸው ቁጭ አለችና እሷም እጆቿን ዘረጋች።