መልሱን ነው የምፈልገው

ሱቅ ሄጄ መቶ ብር ዘርግቼ ሳሙና ስገዛ “መልስ” እላለሁ፤ ባለሱቁም ቀሪውን ቆጥሮ ይሰጠኛል። ዕድሜዬን ሙሉ መልስ ማለት ለእኔ ይኼው ነበር። ትኬት ቢሮ ገብቼም የተናገርኩት ያንኑ ነው። እዚያ ግን ቃሉ ሌላ ትርጉም ኖሮታል።

ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል፤ አለዚያ ወሬዬ መንገድ ይስታል፤ ልጄም ሁልጊዜ የሚወቅሰኝ በዚሁ ነው።

ታላቅ እህቴ ጎጃም ናት። እናታችን ገበያ ስትውል አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አሁን ዓይኗ እየደከመ ነው። አንዱ ጨርሶ ጨለመ፣ ሁለተኛው ዓይኗ ሰው ሲያይ ጥላ ብቻ ይታየዋል፤ ሐኪሙም ብዙ ተስፋ አልሰጣትም። ባለፈው በስልክ “አንቺ ልጅ፣” አለችኝ፤ የልጅ ልጅ አይቼም ለእሷ ያው ልጅ ነኝ፤ “ድምፅሽን እየሰማሁ መልክሽ ጠፋኝ። ይቺ ዓይን ሳትዘጋ ነይና ልይሽ።”

በመኪና እንዳልሄድ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት ነው ይባላል፣ በማግስቱ ዝግ ነው ይባላል። ስለዚህ እቁብ ሲደርሰኝ ጦር ኃይሎች ሄጄ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጥኩ፤ ደርሶ መልስ። አውሮፕላን እስከዛሬ የማውቀው አንጋጥጬ ነው። ልብሴን አጣጥፌ፣ ለእህቴ ሹራብ ገዝቼ፣ ቀን መቁጠር ጀመርኩ።

በዚያው ወር ልጄ የሚሠራበት አየር ጤና ያለው ጋራዥ ተዘጋ። ቦታው ለመንገድ ተፈለገ ተባለ፤ ሠራተኛው ሁሉ መፍቻውን ተሸክሞ ወደየቤቱ ገባ። ልጄ፣ ምራቴ፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና እኔ ከቤቴል በስተጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። አከራያችንም ሳምንት ሳይቆይ መጥታ የሦስት ወር ቅድሚያ ክፈሉ፣ ካልሆነ ወሩ ሲያልቅ ልቀቁልኝ አለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ልጇን ልትድር ነው፣ እሷም ጨንቋታል።

“ትኬቱን እመልሳለሁ፣” አልኩ።

“ተዪው እማዬ፣” አለ ልጄ፣ “አንቺ ሂጂ፤ እኔ እንደምንም እሆናለሁ።”

“እኔ ደመና ላይ ተቀምጬ የእናንተ ዕቃ ጋሪ ላይ ሲጫን ቁልቁል ልይ?”

በማግስቱ ሄድኩ።

ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። ከልጅቷ ጋር የምንነጋገረው በመስታወት ቀዳዳ ነው፤ እኔ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብዬ አወራለሁ፣ እሷ ዓይኗን ኮምፒውተሯ ላይ ተክላ ትሰማለች። ከኋላዬ ሰልፍ አለ።

“ምን ልታዘዝ እናቴ?”

“መልሱን ፈልጌ ነው ልጄ።”

“የመልሱን ቀን ሊቀይሩ ነው?”

“ኧረ የምን ቀን! ሰርዢልኝ። መልሱን ነው የምፈልገው።”

“መልሱ ይሰረዝ?”

“አዎ፣ ተባረኪ።”

ጣቶቿ ተንጣጡ፣ ተንጣጡና ቆም አሉ። “መሄጃው ይቆይ እንግዲህ?” አለችኝ።

እንዴት ያለች አንጀት ያላት ልጅ ናት አልኩ በሆዴ። “ምን ይደረጋል፣ ይቆይ። ዕድሜ ከሰጠኝ ሌላ ጊዜ እሄዳለሁ።”

“እሺ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ።”

ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ሲያጠኑ ከጎናቸው ቁጭ ብዬ ነው፤ ስሜን ስጽፍ አሁንም እጄ ይዘገያል። ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ላንብብ ብልማ ማን ይታገሠኛል! ፈርሜ ወጣሁ። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሼ ስሄድ ሌላ ሰው ገንዘቡን ሰጠኝ። ከከፈልኩት ግማሽ እንኳ አይሞላም። ለመሰረዣ ቆርጠው ነው ብዬ እያዘንኩ ቤቴ ገባሁ።

ልጄ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መፍቻዎቹን በጨርቅ ይወለውላል። ሥራ የለ፣ ምን ያድርግ። ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ።

“እማዬ፣ ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?”

“መልሱን ስጡኝ ነዋ።”

“መልሱንማ ሰጡሽ!” ሳቅ አፈነው። “የሰረዙልሽ የመመለሻውን በረራ ነው። መሄጃሽ ቅዳሜ ጠዋት አለ። ሄደሽ እንድትቀሪ ነው ያደረጉሽ!”

ምራቴ ከውስጥ ብቅ አለች። “ምነው እማማ፣ እኛ መረርንዎት እንዴ? ወይስ ጎጃም ውስጥ ባል ታጨልዎት?”

“ዝም በዪ አንቺ! ባል ቢታጭልኝ ሹራቡን ለእህቴ እገዛለሁ?”

ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አለቀና ሁላችንም ያቺን ገንዘብ ማየት ጀመርን። ለአከራይዋ አትበቃም።

“በቃ ሂጂ፣” አለ ልጄ። “እግዜር ነው ያደረገው። መመለሻውን ኋላ እንፈልጋለን።”

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እግሬ አላስቀምጠኝ አለ። ልብሴን ከሻንጣ አውጥቼ ሣጥን ውስጥ እከታለሁ፤ ቀትር ላይ መልሼ ሻንጣ ውስጥ እከታለሁ። ያለ ጉዳዬ ከቤቴል አየር ጤና በእግሬ ወረድኩ። የተዘጋው ጋራዥ በር ላይ ቆሜ፣ ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ ወደ ውስጥ አየሁ። ዘይት የጠጣ መሬት ብቻ ነበር። በታክሲ ስመለስ ደግሞ ከቤታችን አልፌ ወረድኩ።

የሚያስሮጠኝ ሐሳብ አንድ ነው፤ ተሳስቼ ነው ወይስ ልቤ አውቆ ነው ያስባለኝ? ካገሬ ስወጣም ማን መመለሻ ሰጠኝ። ሙሽራ ሆኜ በበቅሎ፣ ከዚያም በአውቶቡስ፣ መሄድ ብቻ ነበር። እህቴ ያኔ እስከ ወንዙ ሸኝታኝ፣ እኔ እያለቀስኩ እሷ ጫማዬን በውሃ ታጥብልኝ ነበር፤ ጭቃ ይዘሽ አማት ቤት አትግቢ ብላ። እንዲህ ያለች እህት ጥላ ብቻ ሳይቀርላት ልድረስ ብል ምን ያስነውራል? ሐሳቤ እንዲህ ብሎ ሳይጨርስ የልጅ ልጆቼ ትዝ ይሉኛል፤ ከዚህ ቤት ከለቀቅን ከትምህርት ቤታቸው ይርቃሉ፣ የት እንደምንገባ እንኳ አናውቅም። ተነስቼ እንደገና እሄዳለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት እንዲህ ስዞር ውዬ ስገባ የማላውቀው ሰው ደጃችን ላይ ቁጢጥ ብሏል። የልጄን መፍቻዎች አንድ በአንድ እያነሳ በብርሃን ያያቸዋል። ልጄ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ቀና ብሎ አያየኝም።

ገባኝ። ትኬቴን እንዳልነካ እነሱን ሊሸጥ ነው። መፍቻ የሌለው መካኒክ ነገ ሥራ ቢያገኝ በምኑ ይሠራል?

“ወንድሜ፣” አልኩት ሰውየውን፣ “እዚህ ቤት የሚሸጥ ዕቃ የለም። ውሃ ልስጥህ?”

“ልጅዎ ነው የጠራኝ እማማ።”

“ልጄ ጠራህ፣ እናቱ ደግሞ ሸኘችህ።”

ሰውየው ልጄን አየ። ልጄ እኔን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዕቃውን ወደ ሣጥኑ መመለስ ጀመረ። ሰውየው አቧራውን አራግፎ እየሳቀ ሄደ። “ቆራጥ ናቸው እናትህ” ሲል ሰማሁት።

ዓርብ ጠዋት ቢሮው ሳይከፈት ደረጃው ላይ ደረስኩ። ልጅቷ ነገሩን ስነግራት ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። “ውይ በሞትኩት! ይቅርታ እማማ፤ እኔ እኮ መሄጃው ይቆይ ስል አይነካ፣ እንዳለ ይሁን ማለቴ ነበር።”

“እኔ ደግሞ የምታጽናኚኝ መስሎኝ ነበር።”

መሳቅም ማልቀስም አቃታት። ኮምፒውተሯን ነካካችና ወደ ቀዳዳው ተጠጋች። “አሁን ከተሰረዘ የተወሰነ ይቆረጥበታል፤ የቀረው ዛሬውኑ ይሰጥዎታል። ካልፈለጉ ደግሞ ቀኑን ወደፊት ላዘዋውርልዎት እችላለሁ። መሄጃዎ ይኖራል።”

ይኖራል። ይህቺን ቃል ባትናገራት ምን ነበረበት! ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። መስኮቱ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። ከኋላዬ ያሉት ሦስት ሰዎች ጉዳያቸውን ጨርሰው ሄዱ። የሚመለሰው ገንዘብ እቤት ካለው ጋር ተደምሮ የአከራይዋን ይሞላል፤ ትርፍ የለውም። በጣቴ ደጋግሜ አስልቼዋለሁ፤ የጎደለ ነገር አገኝ ይሆን ብዬ ሁሉ ነበር፤ ያኔ መሰረዙ ዋጋ የለውም እል ነበራ።

“ሰርዢው፣” አልኳት።

“ምኑን ልሰርዝ እማማ? በደንብ ይንገሩኝ።”

“መሄጃውን። ብሬን ስጪኝ። ብር።”

ገንዘቡን ጡቴ ሥር ሸጉጬ ወርጄ፣ ጦር ኃይሎች የታክሲው ሰልፍ ጫፍ ላይ ቆሜ ለእህቴ ደወልኩ። ቤት ገብቼ ብደውል ልጄ ይሰማኛል።

“አልመጣም እትዬ።”

“ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተ። የቤት ኪራይ ነው። ትኬቱን መለስኩት።”

“መለሱልሽ?”

“መለሱልኝ።”

“ተመስገን፣ ገንዘቡን አልበሉሽም።” ተራ አስከባሪው ወዲህ በሉ፣ ወዲያ በሉ ይላል። “ግድግዳውን እኮ በኖራ አስቀብቼ ነበር፣” አለች ኋላ። “ለእኔማ ምን ያደርግልኛል፣ አላየው።”

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዛወርኩ።

“አንቺ ልጅ፣ እስቲ ንገሪኝ። ምን መስለሻል?”

አጠገቤ የጫማ ሱቅ መስታወት አለ። ዞሬ አየሁ። ነጠላዋ የተንሸራተተ፣ ጉንጯ የጎደጎደ አሮጊት ከጫማዎቹ መሃል ታየኛለች።

“እናታችንን ሆኛለሁ፣” አልኳት። “ቁርጥ እሷን።”

“አገጭሽም?”

“አገጬም።”

“እንደሱ በይኛ!” አለች። “እሷንማ መች ረሳሁ።” ስለ አፍንጫዬ ልትጠይቀኝ ስትጀምር ሒሳቤ አለቀና ተቋረጠ። ካርድ ልግዛ ብዬ እጄን ወደ ጡቴ ሰድጄ መለስኩት፤ ከዚያ ገንዘብ ላይ የሚነካ የለም። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አብሬ መንቀሳቀስ አቃተኝ። ወጥቼ በእግሬ ወደ አየር ጤና አቅጣጫ ሄድኩ፤ አፍንጫዬን በእጄ እየዳሰስኩ፣ የእናታችን ነው ወይስ የአባታችን ብዬ።