ተራዬን አልሰጥም

ፊደል የቆጠርኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። እዚሁ ለንደን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ እግራቸው ከወንበር ወደ መሬት ከማይደርስ ልጆች ጋር ተቀምጬ። እንግሊዝኛውን ደግሞ ኬንቲሽ ታውን በማታ ትምህርት እየታገልኩ ያዝኩት። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ሐዘኔታ ጠግቤያለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዊልስደን፣ ዋናው መንገድ ላይ ካለች ካፌ አራት ሆነን እንቀመጣለን። አንዱ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። አንዱ አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምር የነበረ ነው፤ ዛሬም መምህር ነው የምንለው። ትልቃችን አማርኛ አስመራ የተማሩ ኤርትራዊ አዛውንት ናቸው፤ አቦይ እንላቸዋለን። አራተኛው እኔ ነኝ። ሁላችንም እኩል እናዋጣና አንድ ውርርድ እንገባለን። የሚመርጠው ባለተራው ነው፤ እንደ እቁብ። ተራ የሚያስከብሩት አቦይ ናቸው፤ የባለተራውን ምርጫ ማንም አይነካም።

የእኔን ግን ይነኩታል። ተራዬ ሲደርስ ስልኩ ወደ መምህር ይሄዳል። «ላንተ እሱ ያይልሃል።» ድሮ ልክ ነበር፤ ማንበብ አልችልም ነበራ። ኋላ እኔ ተማርኩ፤ እነሱ ግን ልማዳቸውን አልተዉም።

ሰመር ላይ የእንግሊዝ ኳስ ሲዘጋ ወደ አሜሪካኖቹ ቤዝቦል እንዞራለን። የእሑድ ጨዋታቸው እዚህ ማምሻውን ይጀምራል። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ሊመታበት ይሞክራል፤ የዕለቱ ወርዋሪ ከጠነከረ ቡድኑ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው።

ያን እሑድ ተራው የእኔ ነበር። ሾፌሩ ስልኩን እንደልማዱ ወደ መምህር ገፋ። እጄን ጫንኩበት።

«ዛሬ ራሴ ነኝ የምመርጠው።»

«ማንን?»

«ደካማውን ቡድን።»

ሾፌሩ ሳቀ። «ገንዘባችንን ቴምዝ ወንዝ ብትወረውረው አይሻልም? ቢያንስ ጧ ሲል እንሰማለን።»

መምህር መነጽሩን አወለቀ። «ወንድሜ፣ ደረጃቸውን አይተኸዋል? መጨረሻ ናቸው እኮ።»

«አይቻለሁ። ዛሬ ኳስ የሚወረውረው ደረጃው አይደለም።»

የሁለቱንም ቡድን ወርዋሪዎች ሳምንቱን ሙሉ ሳነብና ሳይ ነበር የሰነበትኩት። ሁለቱም ጀማሪ ናቸው። የታላቁ ቡድን ልጅ አንድ ጨዋታ ብቻ ወርውሯል፤ ኳሱን ማንም አልመታበትም፣ ጋዜጣው ሁሉ ሰማይ ሰቅሎታል። የእኔው ሰውዬ በልምድ ከእሱ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ኳሱ ክፉኛ ተመትቶበት፣ ወደ ታችኛው ሊግ ተወርውሮ ተመልሷል። ኳሱን ከሜዳ አውጥተው ሲመቱበት በስልኬ አየሁት። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ያንኑ ኳስ እዚያው ቦታ ደግሞ ወረወረ። ተመትቶ የማያውቅ ሰው ሲመታ ምን እንደሚሆን ግን ማንም አያውቅም፤ እሱም ራሱ። ውርርድ ቤቱ ዋጋ ያወጣው ለማልያው ነው። በወርዋሪዎቹ ከሄድን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ይሄ ስሜት እንጂ ስሌት አይደለም» አለ መምህር።

«የተማረ ይግደለኝ!» አለ ሾፌሩ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ።

«አንተን ይግደልህ። እኔ በተማረ መሞት ሰልችቶኛል።»

አቦይ ሲስቁ ሻዩ ትን አላቸው።

«አቦይ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ተራው የማን ነው?»

«ያንተ ነው ልጄ። ግን ከተበላን ሁለተኛ ስልክ አያስነኩህም፤ ዕወቅ።»

«ከተበላን ተራው ለመምህር ይሆናል፤ ለዘለዓለም» አለ ሾፌሩ።

ደካማውን ነካሁና ስልኩን አስቀመጥኩ።

ጨዋታው መጀመሪያ እንዳልኩት ሄደ። የታላቁ ቡድን ልጅ አንዴ ደህና አድርገው ሲመቱበት እጁ ከዳው፤ ኳሱን የት እንደሚጥል ጠፋው። የእኔው ሰውዬ ተመታ፣ ጠረገ፣ ወረወረ። እየመራ ነው የወጣው። እሱን የተካው ወርዋሪ ግን የያዘውን ሁሉ በተነው። በአንድ ነጥብ ተበላን።

ሾፌሩ ጠረጴዛውን መታ። «አላልኩም? በል ተራህን አስረክብ!»

«አላስረክብም።»

«ተነጋግረን የለም እንዴ?»

«አንተ ተናገርክ እንጂ እኔ መቼ እሺ አልኩ? መምህር ስንት እሑድ አስበልቶናል፤ ማን ተራውን ነጠቀው? እሱ ሲያስበላ ‹ኳስ ነው› ትላላችሁ። እኔ ሳስበላ ግን መሃይም ስለሆንኩ ነው። በሁለት ሚዛን አልመዘንም።»

መምህር አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር። የሻይ ብርጭቆውን ሲያዞር ቆየ። ያን ዝምታውን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ ይቅር የማለት ሐሳቡም የለኝም።

ዙሩ ተመልሶ እኔ ጋ ደረሰ። ሾፌሩ ስልኩን አንስቶ ወደ መምህር ዘረጋ። አቦይ ምርኩዛቸውን ብድግ አድርገው በሁለቱ መካከል ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት።

«ተራው የማን ነው?» አሉ።

ስልኩን ከሾፌሩ እጅ ወሰድኩ። የእኔው ሰውዬ ያን ማምሻም ይወረውራል፤ ቡድኑም አሁንም መጨረሻ ነው።

«ያንኑ ሰውዬ እንዳትለን ብቻ!» አለ ሾፌሩ።

«ያንኑ።»