የአክስቴ የኦብዱሊያ አስኳሎች

«የሰማይ ጮማ» የምንለው ጣፋጭ ከየት መጣ ሲባል የእኛ የስፔኗ ሄሬዝ ሰው «ከመነኮሳቱ ነዋ» ብሎ ደረቱን ይነፋል። የወይን ጠጁ ድፍርስ በእንቁላል ነጭ ይጠራል፣ የተረፈው አስኳል ለገዳም ይሰጣል፣ መነኮሳቱ ከስኳር ጋር በእንፋሎት ያበስሉታል፤ አለቀ። እንቁላሉን ስለሚሰብሩት ሴቶች ያነሳ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። አክስቴ ኦብዱሊያ በአንድ ወይን መጥመቂያ ቤት ሠላሳ ዓመት ሰብራለች።

አንድያ ልጇ ቻሪቶ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ መነኮሰች። እዚያ ገዳም የገባች አትወጣም፣ ፊቷም አይታይም። በግድግዳው ውስጥ ግን የምትሽከረከር የእንጨት ሳጥን አለች፤ ከውጭ ያስቀመጡትን ዞራ ወደ ውስጥ ታስገባለች። ከሳጥኗ ጀርባ የምትቀመጠው ቻሪቶ ነበረች። አክስቴ በየሐሙሱ የአስኳሉን ማሰሮ ታስቀምጥና ከልጇ ጋር ስለ ጉንፋን፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጎረቤት ያወራሉ። ለአክስቴ ሳምንቱ ማለት ያቺ ሩብ ሰዓት ነበረች።

ኋላ የወይን ቤቱ ጌቶች ማጥሪያ ዱቄት አስመጡና እንቁላል ሰባሪዎቹን አሰናበቱ። አክስቴ የሰው ልብስ ማጠብ ጀመረች። በምታገኘው እንቁላል እየገዛች፣ አስኳሉን «ከወይን ቤቱ ነው» እያለች መውሰዷን ቀጠለች። ነጩን ራሷ ትበላዋለች። ሁለት ዓመት በእሱና በደረቅ ዳቦ ኖረች። ስቆጣት፣ «አንቺ ልጅ፣ በሩን ዝጊልኝና ሂጂ» ትለኛለች።

በጥር ወር ደረቷን አፈናትና ማሰሮውን ይዤላት አብሬያት ሄድኩ። የዚያን ቀን ሳጥኗ ሳትዞር ቆየች።

«እማዬ፣» አለች ቻሪቶ ከወዲያ፣ «ወይን ቤቱ እንቁላል ከተወ ሁለት ዓመት ሆነው አሉ። እውነት ነው?»

አክስቴ ወደ እኔ ዞራ ማሰሮውን አየች።

«ከእንግዲህ አታምጪ፣ እማዬ። አንቺው ብዪው።»

«እሺ፣ የኔ ልጅ።»

ማሰሮውን ከእጄ ተቀብላ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ደህናውን ቀሚሷን ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እንሂድ ብላት፣ «ምን ይዤ?» አለችኝ። በእኛ አገር ወደዚያች ሳጥን ባዶ እጁን የሚሄድ ለማኝ ብቻ ነው፤ አክስቴ ደግሞ ኩሩ ነበረች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ወይ ፍንክች። ጾሙ በገባ በሳምንቱ ሞተች።

ለቻሪቶ ያረዳኋት እኔ ነኝ፤ ለቀብር እንኳ መውጣት አልተፈቀደላትም። ስሄድ ደሜ ፈልቶ ነበር። እናትሽ በር ዘግተሽባት ነው የሞተችው አልኳት፤ ዛሬ ይቆጨኛል።

«በየሐሙሱ እዚህ ተቀምጬ ጠበቅኋት፣» አለች ከወዲያ። «ትብላ ብዬ እንጂ፣ ትቅርብኝ ብዬ መሰለሽ?»