ኮብላይዋ ቅድመ አያት

እኛ አገር ሰው ቅድመ አያቱን መቁጠር ከጀመረ መሬት ሊከስ ነው። ይህን የተማርኩት ከአባቴ ነው። ዕድሜውን በርስት ክርክር ፍርድ ቤት ደጅ ጨርሶ፣ አያቶቹን ቆጥሮ ቆጥሮ መሬቱን ሳያገኝ ሞተ። ሶ፣ አሁን በምኖርባት ሜስኪት ከተማ ለሥራ የምንከባከባቸው አሜሪካዊት አሮጊት "ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪናሽ ውሰጂኝ፣ ቅድመ አያቴን እየፈለግኩ ነው" ሲሉኝ ወዲያው ጆሮዬ ቆመ።

ዘጠና ሊሞላቸው ነው። በእንግሊዝኛ አንቱ ባይኖርም እኔ በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ። ቅድመ አያታቸው ከአየርላንድ በመርከብ የመጣች ሴት ናት አሉ። ይህ አገር ገና ጠረፍ ሳለ፣ ጎረቤት በሌለበት ሜዳ ላይ፣ በግንድ በተሠራ ቤት ከባሏ ጋር የኖረች። ቤቱ የነበረበት፣ ዋይሊ ከተማ ያለው እርሻ እስካሁን በቤተሰቡ እጅ ነው። አሁን ግን አዳዲስ ቤቶች ዙሪያውን ከበውታል፣ ፍሪስኮ ከተማ የሚሠራው የወንድማቸው ልጅም ሊሸጠው ደፋ ቀና ይላል። የቀረው የሳቸው ፊርማ ብቻ ነው።

በቃ፣ ገባኝ አልኩ። አሮጊቷ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ሊካሰሱ ነው፣ እኔን ይዘውኝ የሚዞሩት ደግሞ ነገ ምስክር ሊያደርጉኝ! የሰው የመሬት ጠብ ውስጥ እኔን ምን ጥልቅ አደረገኝ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከአንዱ መቃብር ወደ ሌላው ስንዞር፣ እሳቸው ድንጋዩን ሲያነቡ እኔ መኪናዬን ተደግፌ ፊታቸውን አነባለሁ። የደበቁኝ ነገር እንዳለ እርግጠኛ ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ መንገድ ላይ አላስቻለኝም። "ስንት ይደርስዎታል?" አልኳቸው። "ማለቴ፣ ከመሬቱ።"

ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና፣ ሳቁ ሲያልቅ እንባው አልቆመም። "መሬቱን ምን ላደርገው? እኔ ማወቅ የምፈልገው መኮብለሏንና አለመኮብለሏን ነው" አሉኝ።

የቤተሰቡ ወሬ እንዲህ ነው። ሴትየዋ ትንሽ ልጇን ጥላ ከአንድ ዘዋሪ ነጋዴ ጋር ጠፋች። ያ የተጣለው ልጅ የአሮጊቷ አያት፣ የአባታቸው አባት ነው። አሮጊቷ ልጅ ሳሉ እናታቸው በተቆጧቸው ቁጥር "የኮብላይ ዘር!" ይሏቸው ነበር። ሲያገቡም ተባሉ፣ ሲፈቱማ አይነሣ። "ከመሞቴ በፊት የማን ዘር እንደሆንኩ ልወቅ" አሉ። አንጀቴን በሉት። ግን ጥርጣሬዬ ወዴት ይሂድ? ከሳቸው ተነሣና ወሬው ላይ አረፈ።

"ኮበለለች ብሎ መጀመሪያ ያወራው ማነው?"

"ሁለተኛዋ ሚስት።"

"እሷን ያገባት መቼ ነው?"

"በዚያው ክረምት።"

አሃ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ። "እርሻው ውስጥስ ፈልገዋታል?" አልኩ። "እዚያ ምን ታደርጋለች? ሄዳለች እኮ" አሉኝ። የተነገራቸውን አምነው የሰው አገር መቃብር ሲያገላብጡ ከርመዋል። መኪናዬን አዞርኩ።

እርሻው አጥር ጎን ፓርክ አደረግኩ። የፔካን ዛፍ ሥር የቤተሰቡ መቃብር አለ። ባልየው፣ ሁለተኛዋ ሚስት፣ ልጆቿ፣ ሁሉም ስማቸው ተቀርጾ ተደርድረዋል። የአየርላንዷ ሴት የለችም። አሮጊቷ ደከማቸውና "ልጆች ሆነን ምሳችንን የምንበላበት ቦታ አለ፣ እዚያ ልረፍ" ብለው ወደ ጅረቱ ይዘውኝ ወረዱ። ሣር የዋጣቸው ሁለት የድንጋይ ክምሮች ናቸው። አንዱ ረጅም ነው፣ ሌላው ከጎኑ፣ አጭር።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ውሻና ቡችላዋ የተቀበሩበት ነው። ሲነግሩን እንደዚያ ነው።" ረጅሙ ላይ ሊቀመጡ ጎንበስ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ።

"ኧረ አይቀመጡ!" ለውሻ ይህን የሚያህል ድንጋይ ከጅረት ማን ይሸከማል? ውሻስ የሰው ቁመት አላት እንዴ? ቡችላ መቃብር ተሠርቶላት ያውቃል? ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ እንዴት እንዳልኩት እንጃ። እሳቸው ግን ከሁለተኛው ጥያቄ በኋላ አልሰሙኝም። በከዘራቸው ረጅሙን ክምር ከጫፍ እስከ ጫፍ ነካክተው፣ ወደ አጭሩ ዞሩ።

"ከነጋዴው አርግዛ ነው የጠፋችው ይሉ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ከዘራቸውን ጣሉና በጉልበታቸው ሣሩ ላይ ወረዱ። "አልኮበለለችም። እዚሁ ነበረች።"

እንዴት እንደሞተች አላውቅም። ወሊድ ነው እንዳልል፣ ወሊድ ምኑ ይደበቃል? ባልየውን አሁንም እጠረጥረዋለሁ።

ስንመለስ የወንድማቸው ልጅ ኮል አደረገ። ስልኩ በመኪናው ስፒከር ስለሆነ ሁሉንም እሰማለሁ። አልፈርምም፣ መሬቱ ውስጥ ቅድመ አያታችን አለች አሉት። "አክስቴ፣ ይህን ማን ነገረዎት? ያቺ የምትነዳዎት ሴት ናት? ከመሬቱ ምን ፈልጋ ነው?" አለ።

ደሜ ፈላ! መኪናውን ላቆመው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ራሴን ታዘብኩት፤ እኔስ አሮጊቷን የጠረጠርኳቸው በዚሁ አይደል?

"ምስክሬ ናት" አሉት።

ይኸው፣ የፈራሁት ደረሰ።

"የምን ምስክር?"

አሮጊቷ ቀሚሳቸው ላይ የቀረውን ሣር እየለቀሙ ቆዩ። "ልጆች ሆነን እዚያ ድንጋይ ላይ ምሳ እንበላ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ከበላን በኋላ በአራት እግራችን ሆነን እንጮሃለን። ዋው ዋው እንላለን፣ ውሻዋ እንድትሰማን። አባትህም አብሮኝ ይጮህ ነበር። በቅድመ አያታችን ላይ።"

ድምፄ እንዲሰማው ወደ ስፒከሩ ጎንበስ አልኩ።

"እኔ አይቻለሁ" አልኩት፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። "የሰው መቃብር ነው።"